የሰኞ ገንዘብ

«ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ይግዛውን ለወንድሙ ለሀብተ ሚካኤል አስረክቤ ተመለስሁ» ይላል የበቅሎ ነጂው የቢራራ ቃል።

«ሀብተ ሚካኤል ማክሰኞ ከጧት እስከ ማታ ዳባት፣ ከዓይኔ ሥር ነበር» ይላል የሟቹ እናት የወይዘሮ ስጦታ ቃል።

ኢንስፔክተር ማዕረግ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ ቆየች። ከኖርዌይ ለዕረፍት የመጣው ይግዛው ረቡዕ ጧት ከሊማሊሞ ገደል ሥር ሞቶ ተገኝቷል። የባንክ ካርዱ ኪሱ ውስጥ የለም። ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ደባርቅ ካለው የገንዘብ ማሽን በዚያው ካርድ አራት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሺህ ብር ወጥቷል። ክሱ «ይግዛው ገንዘብ ሲያወጣ ቢራራ አየው፤ ተከትሎ ገደለው» ይላል። ቢራራ ነገ ጎንደር ፍርድ ቤት ይቀርባል።

«እኔን ስታስሩ በቅሎዬን ማን ይረከባታል?» አለ ቢራራ ሊስቅ እየሞከረ። «ስድስት ልጅ የምታበላ እሷ ናት።»

«በዘጠኝ ሰዓት የት ነበርህ?»

«ማኅበራችን ቢሮ፣ ወረፋ ላይ። በቅሎ ነጂው ሁሉ አይቶኛል።»

ይግዛው ያረፈበት የእንግዳ ቤት ባለቤት ሱልጣና ነገሩን ስትሰማ አጨበጨበች።

«አራት ጊዜ? ይግዛው? ወላሂ አይሆንም!»

«ለምን?»

«የውጭው ባንኩ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ በነፃ እንዲያወጣ ይፈቅድለታል። ከዚያ በኋላ ባወጣ ቁጥር ይቆርጥበታል። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ማሽኑ የሚሰጠውን ትልቁን በአንዴ ይወስዳል፤ በቃ። እሑድ ኪሱ ሲነጥፍ እራቱን ‹በዱቤ ስጪኝ፣ ለማሽን የምገብረው የለኝም› ይለኛል። እኔም ‹አንተ ቋጣሪ፣ ብርዱ ነው እንዲህ ያደረገህ?› እለው ነበር። የዚህን ሰኞውንም ለአልጋውና ለዱቤው ከፍሎኝ ጨረሰው።»

«የምስጢር ቁጥሩን ታውቂዋለሽ?»

«ጥላው እንኳ እንዳያይበት በክንዱ ይጋርድ ነበር።»

ማዕረግ ዳባት ወረደች። የሀብተ ሚካኤል ሚስት ዓለምዬ ፊቷ አብጦ ከመደቡ ላይ ተኝታለች። ትራሷ አጠገብ የኩላሊት እጥበት ደረሰኝ አለ፤ ቀኑ ረቡዕ ነው።

«ይግዛው ይህን ሊከፍል ቃል ገብቶ ነበር?»

«ከመጣ ወዲህ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አልተነጋገርንም» አለ ሀብተ ሚካኤል።

«እማማ፣ የይግዛው ስልክ በምን ቁጥር ይከፈታል?»

«አባታቸው በሞቱበት ዓመት፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት» አሉ ከጎኑ የተቀመጡት ወይዘሮ ስጦታ። «እንዳይረሳው ብሎ፣ ቁልፍ ያለው ነገሩ ሁሉ በዚያው ነው።»

በነጋታው፣ ቢራራ ሳይሳፈር፣ ሁሉንም ጣቢያ ሰበሰበቻቸው።

«ይግዛው ማክሰኞ አራት ጊዜ ገንዘብ አላወጣም» ብላ ጀመረች። «የነፃዋን ሰኞ ወስዷል። ለአንድ ጊዜ ክፍያ የሚሳሳ ሰው አራት ጊዜ አይከፍልም። ስለዚህ በዘጠኝ ሰዓት ካርዱን የያዘው ሰው ሌላ ነው። ያ ሰው ቁጥሩን አንዴም አልተሳሳተም፤ አባትየው የሞቱበትን ዓመት የሚያውቅ ነው። ሱልጣና አታውቀውም። ቢራራ በዚያች ሰዓት ወረፋ ላይ ነበር። ያ ሰው ግን ስለ ክፍያው የሚያውቀው ነገር የለም። ይግዛው ቀጣዩን ሰኞ የሚጠብቀው ለክፍያው ብሎ እንደሆነ...»

«‹ሰኞ› ያለኝ ለዚህ ነው?»

ሀብተ ሚካኤል ነበር። ቃሉ ካፉ ካመለጠ በኋላ እንኳ አልደነገጠም፤ እንደ ሕፃን ዓይኑን አፍጥጦ መልስ ይጠብቃል።

«ስለ ገንዘብ አልተነጋገርንም ብለኸኝ ነበር» አለች ማዕረግ በዝግታ።

«እግሩ ላይ ወድቄ ለመንሁት። ‹ሰኞ፣ በአንድ ላይ› አለኝ። ዓለምዬ ለሰኞ አትደርስም ነበር! የገፋኝ መሰለኝ። እኔም... እኔም ገፋሁት።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ለዚያች ክፍያ ብሎ! እኔ እከፍልለት አልነበረ?»

 ቢራራ በካቴና የታሰሩ እጆቹን እያየ አቀረቀረ።

«እማማ» አለች ማዕረግ። «የእርስዎ ቃል ከመዝገቡ ላይ እንዳለ ነው። ልጅዎ በኋላ እክዳለሁ ቢል፣ ዳኛው የሚያነበው እሱን ነው።»

«እማ!» አለ ሀብተ ሚካኤል። «ዓለምዬስ?»

ወይዘሮ ስጦታ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ዓለምዬን ቤቴን ሸጬ አሳጥባታለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ቢራራ ዞሩ፤ የሚናገሩት ግን ለማዕረግ ነበር። «አንዱን ገደል በላብኝ። የሰው ልጅ ግን በእኔ አፍ አይበላም። ያንን ወረቀት ሰርዢው፣ ልጄ። ማክሰኞ ሀብቴ ቤት አልነበረም። ጎንደር ወርጄ ለዳኛው እኔው ራሴ እመሰክራለሁ።»