የእትዬ ቁልፍ አስተያየት

«ቀኑን ባለፈው ወር አድርጊው» አላት አባቷ።

ቁንዶ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ትንሽ ናት፣ ግን ታቃጥላለች፣ ስሙም የወጣላት ለዚሁ ነው። አባቷ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ክፍል ተቆጣጣሪ ነው። ሐሙስ ለት የማሽን መርፌ ሌባ ጣቱን በስቶት፣ ይኸው ጣቱ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እሷ ደግሞ ጽሕፈቷ ያምራል። በእሱ ፈንታ መጻፉ የእሑድ ከሰዓቷን በላው።

ፋብሪካው ዘጠኝ ሰው ሊቀንስ ነው። ደንቡ ሁሉም በሥራው ተመዝኖ፣ የሚቀነሰውም ቃሉ ተሰምቶ ነው ይላል። ሥራ አስኪያጁ ግን ዘጠኙን መርጦ ጨርሷል፤ አሁን ነጥቡ ወደ ኋላ እየተፈለገላቸው ነው።

«ፍጥነት፣ አራት በይ። ጥራት፣ ሦስት።»

«ከስንት?»

«ከአሥር። ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ከምዘና ፎርሙ ግርጌ «የሠራተኛው አስተያየት» የሚል ሳጥን አለ። ለስምንቱም «አስተያየት የለኝም» ብላ ሞልታዋለች፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ።

ዘጠነኛውን ስትስብ ስሙን አየችና እጇ ቀጥ አለ። እትዬ ቁልፍ ናት፤ ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤታቸው፣ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት። ይቺ ሴት እኮ ሰው ስታጣ ከካውያው ጋር የምታወራ ናት። ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ የማን ልጅ ፈተና ወደቀ፣ ሁሉም የሚሰማው ከእሷ ነው። አሁን እንኳ ከግድግዳው ወዲያ ድመቷን እየመከረች ነው።

«እሷም አስተያየት የላትም?» አለች ቁንዶ።

አባቷ ሊስቅ ከጀመረ በኋላ ተወው። «የቀረችበት ቀን፣ ስድስት በይ።»

«ስድስቱን ቀን እኮ አንተ ነህ የላክሃት። ሌላኛው ቅርንጫፍ አዲሶቹን ልጆች እንድታሠለጥን።»

«አውቃለሁ።»

«ተጠይቃለች?»

«ነገ ትጠራና ደብዳቤዋን ትቀበላለች።»

«ታዲያ ይሄን መቼ ተናገረች?»

«ቁንዶ፣ ነገ ጠዋት ይሄ ሳይሞላ ከቀረ አሥረኛው እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ይመስልሻል?»

ደስ እንዳላለው ታውቃለች። ከዓርብ ጀምሮ በእትዬ ቁልፍ በር ላለማለፍ በጓሮ ዞሮ ነው የሚገባው።

ስድስት ብላ ጻፈች። ሳጥኑ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ የተሞሉትን ስምንቱን ሰብስባ መሃል ለመሃል አጠፈቻቸው።

«ባዶ ፎርም ተርፏል?»

«ስምንት ዘጠኝ ይሆናል። ምን ሊያደርግልሽ?»

«ስምንቱንም ሰዎቹ ሳይጠየቁ ነው የሞላሁት» አለች። ዘጠነኛውን ይዛ ተነሳች። አባቷ በሩ ሥር ነበር የተቀመጠው። አያት፤ የታሰረ ጣቱን አየ፤ ሂጂም አትሂጂም ሳይል ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገ።

የእትዬ ቁልፍ በር ገና ሳይንኳኳ ተከፈተ።

«ውይ ቁንዶዬ፣ ግቢ ግቢ። ሰው ሊቀንሱ ነው አሉ፣ ሰምተሻል? እኔማ ምን ቸገረኝ፣ አባትሽ እያለልን እኛን አይነኩንም።»

ቁንዶ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«እትዬ፣ ስለ እርስዎ የተጻፈ ነው። መጀመሪያ ላንብብልዎት፤ ከዚያ የሚሉትን እጽፋለሁ።»

እትዬ ቁልፍ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም።

ቁንዶ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች።