ባለ ጥፍር ቀለሙ መካኒክ

ጡረተኛው ቀያሽ የሞቱት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲወርዱባት በኖሩት ቁልቁለት ላይ። አርባ ዓመት ያለፋት ነጭ መኪናቸው ግርጌው ላይ ያለውን የጣውላ መሸጫ ግንብ ገጭታ ቆመች። ጣውላ ሻጩ እንደተናገረው ሰውየው ጡሩምባውን ሳያቋርጡ እየነፉ ነው የወረዱት። መንገድ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞር ብሎላቸዋል።

መርማሪዋ እዚያ የደረሰችው በእግሯ ነው። የራሷ መኪና አንዲት ዕቃ እየጠበቀች ጋራዥ ከቆመች ስድስት ሳምንት ሆኗታል። ስልክ በደወለች ቁጥር የሚመለስላት «ኦሪጅናሉ ይምጣልሽ ወይስ ኮፒው ይግባልሽ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነው። ስለዚህ አልቧት፣ ተናዳ፣ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነው የመጣችው። እንደ ደረሰች የሰማችው ደግሞ ጭራሽ አበሳጫት።

«ኮፒ ዕቃ ነው የገደላቸው» አላት አለቃዋ፣ መዝገቡን በብብቱ እንደያዘ። «የፊት ግራው የፍሬን ቱቦ ፈንድቷል። እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ላይ አንዱ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም። መካኒኩ ኦሪጅናል አስገባሁ ብሎ ኮፒ ገጥሞላቸዋል። ይዘነዋል። ነገ ከሰዓት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«እሱ ምን አለ?»

«ኦሪጅናል ነው የገጠምኩት እያለ ይምላል። ታዲያ ምን ሊል ነበር?»

ነገር አልቋል ከሚል ሰው ጋር መከራከር ጉልበት መጨረስ ነው። መርማሪዋ ቀሚሷን ሰብስባ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከችና የእጅ ባትሪዋን ወደ ጎማዎቹ አበራች። ቱቦው ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ጥቁር ጎማ ነው፤ በየጎማው አንድ አንድ አለ። በሦስቱ ላይ ከቱቦው ብሎን ተነስታ የመኪናው ብረት ድረስ የምትሄድ ቀጭን ቀይ መስመር ተሠምራለች። በፊት ግራው ላይ ግን መስመሯ ሐምራዊ ናት፤ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ደግሞም ግማሽ ናት። ብረቱ ላይ ትጀምርና ብሎኑ ጋ ስትደርስ ትቋረጣለች።

ፖሊስ ጣቢያ ከእስር ክፍሉ የወጣው መካኒክ እጆች ላይ ገና ግራሶ አለ።

«ያቺ ሐምራዊ መስመር ምንድን ናት?» አለችው።

አቀረቀረ። «የሚስቴ የጥፍር ቀለም ናት።»

«አልሰማሁህም።»

«የጥፍር ቀለም። ብሎን ካጠበቅኩ በኋላ ከብሎኑ እስከተቀመጠበት ብረት ድረስ አንድ መስመር አሠምርበታለሁ። ሰው ከነካካው መስመሩ ይለያያል፣ አውቃለሁ። ሰፈሩ ‹ባለ ጥፍር ቀለሙ› እያለ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ሁልጊዜ በቀይ ነው የምሠራው። የዛን ቀን ቀዩ አለቀና የራሷን ብልጭልጭ ሰረቅኩባት። ለእህቷ ሠርግ የገዛችው ነበር። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።»

«ሌላ መኪና ላይ ቀብተህበታል?»

«የት አግኝቼ? እዛው ዕለት ነጠቀችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ከዛ ወዲህ መኪናዋን በዓይኔ አላየኋትም።» ድምፁ ተቀየረ። «ኢንስፔክተር፣ ጋራዤ ታሽጓል። ሰው ገደለ ከተባልኩ በኋላ በነፃ ብትለቁኝስ ማን መኪናውን ይሰጠኛል? ሁለት ልጆች አሉኝ።»

መርማሪዋ አመነችው። ማመኗ ግን ለመዝገቡ ምንም አይጠቅመውም፤ ያናደዳትም ይኸው ነው።

ከሟቹ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ደንግጣ ቆመች። ያቺው መኪና፣ ሰማያዊ ሆና፣ ግቢው ውስጥ ቆማለች።

«የኔ ናት» አሉ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ከበረንዳው እየወረዱ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። «አባታችን ሁለቱን በአንድ ቀን ገዝቶ ታክሲ ሲያሠራቸው ነበር። ለወንድሜ ነጯ፣ ለኔ ሰማያዊዋ ደረሰችን። ስለዚያ መካኒክ ለወንድሜ ቀድሜ ነግሬው ነበር! ለገንዘብ ብሎ ኮፒ ገጥሞ ገደለብኝ። የኔን መኪና በጣቱ ነክቷት አያውቅም። የራሴን ራሴ ነኝ የምፈታው።»

የሟቹ ባለቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ መኪናዋ ከተሠራች ወዲህ ያለ እሳቸው ከግቢ ወጥታ ታውቃለች? ሰው ጋ ያደረችበት ቀን አለ?»

«የለም። እኛ ነን የወጣነው። ባለፈው ሳምንት እህቴ ታማብኝ ሦስት ቀን በአውቶቡስ ሄደን ነበር። ቤቱን የጠበቀልን እሱ ነው» አሉ ወደ ወንድምየው እያዩ። «ሁለቱ በዚህ በዕቃ ነገር ሃያ ዓመት ሲጨቃጨቁ ነው ያረጁት። የኔው ኦሪጅናል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እሱ ደግሞ ኮፒው ምን አለው፣ ገንዘብህ በዛብህ እያለ ይስቅበታል። ምሳ እንኳ በሰላም በልተን አናውቅም።»

መርማሪዋ ወንድምየውን ቀና ብላ አየቻቸው። ሃያ ዓመት ለኮፒ ሲከራከሩ የኖሩ ሰው አሁን ኮፒ ገዳይ ነው ይላሉ። ሐዘን ሐሳብ ያስቀይራል። ቢሆንም ጠጠሩ ከጫማዋ ወደ ጭንቅላቷ የወጣ መሰላት።

ሟቹ ቱቦውን የገዙባት የመለዋወጫ ሻጭ ሱቅ ጠባብ ነው፤ እስከ ጣሪያ ድረስ ካርቶን ተደርድሮበታል። የፈነዳውን ቱቦ ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችው፣ አጠፈችው፣ አሸተተችው።

«ኮፒ ነው። ግን የሦስት ሳምንት ዕቃ አይደለም። ይኸው፣ ጎማው ደርቋል፤ እጥፋቱ ላይ ተሰነጣጥቋል። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሠርቷል።»

«ለሟቹ ምን ሸጥሽላቸው?»

«ኦሪጅናል፣ ከነማሸጊያው። የመጨረሻዋ ፍሬ ነበረች፤ ፋብሪካው ካቆመ ቆየ። ወንድማቸው ዓመት ሙሉ እየተመላለሱ ዋጋ ሲጠይቁኝ ነበር። ክፈችና ልየው ይሉኛል፤ ሳይገዙ አልከፍትም እላለሁ። ከዛ ‹ጎማ ጎማ ነው› ብለው ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ ሊገዙ ሲመጡ ትልቁ ቀድመው ወስደውታል። ክው አሉ።»

«ይህን ለምን ቀደም ብለሽ አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ፖሊሶቻችሁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ኮፒ ትሸጫለሽ ወይ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉም በመካኒኩ ጋራዥ ተሰበሰቡ። የተሰባበረችው ነጭ መኪና ተጎትታ ገብታለች። ወንድምየው የሟቹን ባለቤት ይዘው በሰማያዊዋ መጡ። አለቃው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«አላስቆያችሁም» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ ቱቦውን እንይ። የፈነዳው ሁለት ዓመት የሠራ ኮፒ ነው። መካኒኩ ሊያታልል ቢፈልግ እንኳ አዲስ ኮፒ ይገጥም ነበር እንጂ ተሰነጣጥቆ ባለቤቱ በዓይኑ የሚለየውን አይገጥምም።»

«እሱ እንዳልገጠመው በምን አወቅሽ?» አለ አለቃው።

«መስመሯን ተመልከት። ብረቱ ላይ ግማሿ አለች። ይኼ ብሎን ላይ ግን ጠብታ ቀለም የለም። ስለዚህ ቀለም የተቀባው ሌላ ብሎን ነው፤ ሌላ ቱቦ። ኦሪጅናሉ ተገጥሟል፣ ተሠምሮበታል፣ ከዛ ሰው ፈቶት ወስዷል።»

«ራሱ መካኒኩ ቢሆንስ?»

«መኪናዋ ያለ ባለቤቷ ከግቢ አልወጣችም። ባለቤቶቹ ያልነበሩት ሦስት ቀን ነው፤ ያኔ እዚያ የነበረው አንድ ሰው ነው። የተገጠመው ኮፒ ደግሞ ከሌላ መኪና የወጣ ነው። ይህ ቱቦ የሚሆነው መኪና ከተማው ውስጥ ስንት አለ?»

«ሁለት» አለች ሻጯ።

ማንም ወደ ሰማያዊዋ መኪና ላለማየት ሞከረ፤ ሁሉም ግን አየ። መርማሪዋ የመካኒኩን እጅ አስፈታችለት። «የፊት ጎማዎቿን አውርድልኝ» አለችው።

ክሪኩን አስገባ። በቀኝ በኩል ምንም የለም። የግራው ጎማ ሲወርድ የእጅ ባትሪዋን ለአለቃው ሰጠችውና እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየ። ከአዲሱ ቱቦ ብሎን ጫፍ ላይ ሐምራዊ ግማሽ መስመር ብልጭ አለች። ብረቱ ላይ ቀጣይ የላትም።

«በጣቱ ነክቷት አያውቅም ብለውኛል» አለች መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞራ። «ታዲያ የሚስቱ የጥፍር ቀለም እዚህ ምን ይሠራል?»

ሰውየው ቀለሟን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «የፋብሪካው ምልክት መስሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ኦሪጅናል እጄ ገብቶ አያውቅም። እንዲህ ነው የሚመጣው ብዬ… እንዳይለቅ ተጠንቅቄ ነው የገጠምኩት።»

የሟቹ ባለቤት ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ልገድለው አልነበረም» አሉ ወንድምየው። «የፍሬን ፔዳሏ መላላት ጀመረብኝ። የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማመላልሰው በሷ ነው። ሃያ ዓመት ተከራክሬው ስኖር፣ አሁን አንተ ነበርክ ልክ ልበለው? እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳ። ለአንድ ሁለት ወር ይይዛል፣ እስከዛ ሌላ አፈላልጌ እመልስለታለሁ አልኩ። ይሠራል ብዬ ነው።»

«ይሠራል ብለው ካመኑ» አለች መርማሪዋ፣ «ለምን ከራስዎ መኪና ላይ ፈቱት?»

አለቃው መዝገቡን ከብብቱ አውጥቶ የመካኒኩ ስም ያለበትን ገጽ ገነጠለ። መካኒኩ ግን አልሳቀም፤ የወረደውን ጎማ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ብትጠይቀው ኖሮ ፈቶ ይሰጥህ ነበር» አሉ የሟቹ ባለቤት። «ይስቅብሃል፤ ዓመት ሙሉ ይስቅብሃል። ግን ይሰጥህ ነበር።»

ወንድምየው የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለመርማሪዋ ሰጡ። ፖሊሱ ክንዳቸውን ሲይዛቸው ድንገት ዘወር አሉ።

«ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ይለቀቃሉ» አሉ። «ማን ያመጣቸዋል?»

የሟቹ ባለቤት ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ አመጣቸዋለሁ» አሉ። «በእግሬ።»