ወደ ጎን የታጠፈው ፊት

አታሚው በቫርኒሽ መቀቢያዋ ክፍል ወለል ላይ ተደፍቶ፣ ሞቶ የተገኘው ከቀትር በኋላ ነበር። ብሩሹ ከእጁ አልወጣም። ፎቶ በሸራ ላይ ሲያትም ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ነው። አቧራ እንዳይገባ በሩን ሁልጊዜ ይዘጋዋል፤ አስም ስላለበት ግን የአየር ማውጫውን ማራገቢያ ሳያበራ ቫርኒሽ ከፍቶ አያውቅም። ዛሬ ማራገቢያው ጠፍቷል።

መርማሪዋ አስቀድማ ያየችው የማራገቢያውን ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ከክፍሉ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ቀጥሎ ፍሬም ላይ የተወጠረውን እርጥብ ሸራ አየች። ፎቶው ላይ አንዲት አሮጊትና ሟቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብላ የፍሬሙን ጎን ስትመለከት የሦስተኛ ሰው ፊት እዚያ ታጥፎ አገኘች።

«የወጠሩት እርስዎ ነዎት?» ስትል ፍሬም የሚሠራውን አናጢ ጠየቀችው።

«እኔ ነኝ። ትርፍ ጠርዝ ሳይተውለት ስለታተመ፣ ዳር የነበረው የሟቹ ታናሽ ወንድም ወደ ጎን ታጠፈ። ለሟቹ በእጁ ሰጥቼው ወደ መጋዜ ተመለስኩ። ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላልኩም።»

የሟቹ ሚስት ዓይኗ ደም መስሏል። «ደንበኞች ሳስተናግድ ሲያስለው ሰምቼ ነበር። የለመደበት ነው ብዬ ተውኩት። ጆሮዬ ይደፈን!»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ፎቶ አንሺ ነው። ሸራው ላይ ያለውን ፎቶ ያነሳውም እሱ ነው፤ ካሜራውን አቁሞ ሮጦ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ።

«ዛሬ ወደ ኋላ ክፍሎቹ፣ ቫርኒሹ ወዳለበት፣ መጥተሃል?»

«ኧረ በፍጹም! ከስቱዲዮዬ አልወጣሁም።»

«ፎቶው ለማን ነበር?»

«ለእናታችን ልደት። እኔ የሌለሁበትን ፎቶ ግድግዳዋ ላይ ስታይ ምን ትል ነበር!»

መርማሪዋ ቃሉን ጻፈች። ማተሚያው ክፍል ገብታ ጥቂት ቆየችና ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«አስም ያለበት ሰው ማራገቢያውን አጥፍቶ አይገባም» ብላ ጀመረች። «ያጠፋው ኮሪደሩ ላይ የቆመ ሰው ነው። ሚስቱ ከደንበኞች አልተለዩም። የአናጢው መጋዝ ሳያቋርጥ ሲጮህ ደንበኞቹም ሰምተዋል። አንተ ቀረህ። ባነሳኸው ፎቶ ላይ አለህ፤ ኮምፒውተሩ ላይም አለህ። የጠፋኸው ፍሬሙ ላይ ብቻ ነው። ፍሬሙ ደግሞ ከአናጢው እጅ ወደዚያች ክፍል ከገባ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። እንደሌለህበት በምን አወቅህ?»

ፎቶ አንሺው ተቀመጠ።

«በበሩ መስታወት አየሁት። ወንድም ጋሼ ከእናቴ ለይቶ ቆርጦ የጣለኝ መሰለኝ። ማራገቢያውን አጠፋሁት። ሲያፍነው ይወጣል፣ ያኔ እንነጋገራለን ብዬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲያስለው ሰማሁ። ዝም ሲል ደግሞ… አኩርፎኝ ነው ብዬ ሄድኩ።»

መርማሪዋ ከማተሚያው ክፍል ያመጣችውን ሸራ ዘረጋች። ዙሪያው ሰፊ ነጭ ጠርዝ ነው፤ መሃል እናት፣ ግራና ቀኝ ሁለት ልጆች።

«ረፋዱ ላይ አስተካክሎ አትሞታል። በተበላሸው ላይ አዲስ ቫርኒሽ እየሞከረ ነበር።»

«አንድ ቃል ብትጠይቀው ምን ነበረበት?» አለችው ሚስትየዋ። አናጢው እሱን ማየት አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ።

ፎቶ አንሺው ለእናቱ በራሴ አፍ ልንገራት ብሎ ለመነ። መርማሪዋ ይዛው ሄደች። የእናቱ ደጃፍ ላይ ደርሶ እጁ አልነሳ ስላለው ያንኳኳችለት እሷ ናት።

ከውስጥ የከዘራ ኳኳታ ተሰማ፤ ቀጥሎም ደስ ያለው ድምፅ፦

«መጣሁ፣ መጣሁ! ሁለታችሁም ናችሁ?»