ተራኪ የሌለው ፊልም

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመት፣ ዝናቡ አብቅቶ ሐይቁ እስከ ሸንበቆው ሥር በሞላበት ሰሞን፣ የመንግሥት ፊልም መሥሪያ ቤት ጂፕ ጭቃ ለብሳ ከመንደሩ ደረሰች፤ ከውስጧም ሁለት ሴቶች ወረዱ። አንደኛይቱ ለአሥራ አንድ ዓመት ወንዶች ያነሡትን ፊልም ስትቆርጥና ስትቀጥል በመኖሯ ባልደረቦቿ «መቀስ» የሚሏት ናት፤ ሁለተኛይቱ ከሬዲዮ ጣቢያ በውሰት የመጣች የድምፅ ባለሙያ ነበረች።

መቀስ ካሜራ የተሰጣት ችሎታዋ ታይቶ አልነበረም። መንግሥት የሐይቁን ሕዝብ ከአያት ቅድመ አያቱ መሬት አንሥቶ ወደ ሜዳ ሊያሰፍር አስቦ ነበር፤ የፊልም መሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተርም ሕዝቡ በደስታ እንደሚለቅ የሚያሳይ ፊልም እንዲያሠሩ ታዘዙ፤ የሐይቁ ሴቶች ግን ወንድ ካሜራ ይዞ በመጣ ቁጥር ጀርባቸውን እየሰጡ አስቸገሩ። መቀስ የዚያው ሕዝብ ልጅ ናትና አራት ጥቅል ፊልም ይዛ ተላከች።

አክስቷ መረብ እየጠገኑ ተቀበሏት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዕቃ ይናገራል ወይስ ይሰማል?»

«ይሰማል፣ አክስቴ።»

«እሰይ! የሚናገርማ ሞልቶናል።»

ካሜራው ሲዞር አክስትየው ከመረቡ ቀና ሳይሉ ተናገሩ፤ መሬት ለኪዎቹ ወንዶቹን ብቻ ጠይቀው እንደሄዱ፣ እርሻው ግን ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚወርድ እንደሆነ ገልጸው፣ ሠላሳ አንዱን ማሳ ከነባለቤቱና ከነድንበሩ አንድ በአንድ ጠሩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ፊልም በመቀስ እጅ ገብቶ አያውቅም።

ዳይሬክተሩ ሲያዩት ተደሰቱ። «ሥዕሉ ግሩም ነው! የሴትዮዋን ድምፅ አውጪውና ተራኪያችን ይናገርበታል።»

«ክቡር ዳይሬክተር፣ እሳቸው የሚሉት እኮ ሌላ ነው።»

«ማን ይሰማዋል? ቋንቋውን የሚያውቅ የለም።»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

«ያንቺ ሥራ መቁረጥ ነው።»

በዚያ ዘመን ሥዕሉ በአንድ ጥቅል፣ ድምፁ በሌላ ጥቅል ሆኖ ጎን ለጎን ይሽከረከሩ ነበር። ስለ ሰፈራው የሚወስነው ኮሚሽን ፊልሙን አይቶ ውሳኔ በሚሰጥበት ቀን፣ የድምፅ ባለሙያዋ ማሳያ ክፍል ገብታ የተራኪውን ጥቅል አነሣችና የአክስትየውን አስገባች።

«ከተባረርን አብረን ነው» አለቻት አብራት ለገባችው መቀስ።

«እንግዲህ ጉዳችን ይፍላ!» አለች መቀስ፤ ወደ አዳራሹም ሮጠች።

ከፊት ሹማምንቱ፣ ከኋላ ደግሞ ደስተኞች መስለው እንዲታዩ የተጠሩት የሐይቁ ሴቶች ተቀምጠዋል። መብራት ጠፋ፤ የአክስትየው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ሹማምንቱ ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ሲተያዩ ከኋላ ሳቅ ፈነዳ።

«ምን ያስቃቸዋል?» አሉ የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር።

«የድምፅ ብልሽት ነው፣ ክቡርነትዎ!» አሉ ዳይሬክተሩ እየተነሡ። «መብራት! መብራት አብሩ!»

«ብልሽት አይደለም፣ ክቡርነትዎ» አለች መቀስ። «መሬት ለኪው የድንበር ምልክቱን ረግረግ ውስጥ ተክሎ፣ አንድ ጫማውን እዚያው ጥሎ እንደ ሸሸ እየተናገሩ ነው። ይፈቀድልኝና ልተርጉም።»

ሊቀ መንበሩ ዳይሬክተሩ እንዲቀመጡ በእጃቸው ምልክት ሰጡና «ቀጥዪ» አሉ።

መቀስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መተርጎም ያዘች። የማሳዎቹ ባለቤቶች ስም መጠራት ሲጀምር አንዲት ሴት ከኋላ ተነሥታ «አለሁ!» አለች። ሁለተኛዋም ተነሣች፤ ሦስተኛዋም። በእያንዳንዱ ስም «አለሁ!» እያሉ ሲነሡ የኋላው ወንበር ባዶ ቀረ፤ አክስትየውም ከመካከላቸው ሆነው «አሳጠርሽው፣ ልጄ! እኔ ይሄን ያህል አጭር ተናግሬ አላውቅም!» ብለው ጮኹ። መቀስ እያለቀሰች ሳቀች።

ኮሚሽኑ ሕዝቡን ማንሣቱን አገደ፤ በዓመቱም መሬቱ እንደገና ሲለካ አሥራ ዘጠኙ ማሳ በሴቶቹ ስም ተመዘገበ፤ አሥራ ሁለቱን አዲስ የተቀየሰ መንገድ ወሰደው። መቀስ ፊልሙ በታየ በሳምንቱ ተባረረች፤ ጓደኛዋም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ሁለቱ ግን አንድ አሮጌ ካሜራ ገዝተው ወደ ሐይቁ ተመለሱ፤ ሴቶቹም ተማሩበት፤ ቀጣዩን ፊልም ያነሣችው የአክስትየው ልጅ ናት።

በመዝገብ ቤቱ ካርድ ላይ የመጀመሪያው ፊልም አዘጋጅ ተብለው የሰፈሩት ዳይሬክተሩ ናቸው። የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤም ስለ ሐይቁ ሴቶች የያዘው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ከኋላ መቀመጫ ጫጫታ ተሰምቷል» ይላል።