ማሰሪያው የተጠቀጠቀ ጫማ

የጥይት ፋብሪካው መሐንዲስ በባሩድ ክፍሉ ወለል ላይ ከሰል መስሎ ተጋድሟል። ሰላም ከተፈረመ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ የባሩድ ጥራጊ ብቻ ስለቀረ ሳይፈነዳ ነዶ ጠፍቷል። ደጃፉ ላይ የጠላት ወታደር ቆብ ወድቋል። ኮሪደሩ ላይ ሰው የተጎተተበት የደም ፈለግ አለ። የሟቹ ጫማ ግን ማሰሪያው ወደ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ባለቤቱን የሚጠብቅ ይመስል ከውጭ መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባ አታሳልፍምና። ጎንበስ ብላ ጫማውን ስታይ ቆየች።

በዚያ ምሽት ከሟቹ ጋር ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው።

«ምን ያጠራጥራል? ጠላት ነው!» አለ የሽያጭ ኃላፊው። ከሰላሙ ወዲህ ለቅሶ ቤት መስሎ የከረመው ፊቱ ዛሬ ወዝ ወዝ ብሏል። «የቀትሩ ዜና ላይ ይነገር፤ ትዕዛዙ እንደ ጎርፍ ይመጣል።»

«ሰው ሞቶ?»

«ኢንስፔክተር፣ ሟቹ ማሽኑን ፈትቶ ድስት ሊያሠራን ነበር። ድስት የገዛ ሰው መቼ ይመለሳል? ጥይት ግን ያልቃል፤ ገዢው ይመለሳል። ከተረፈ።»

የፋብሪካው ነርስ፣ የሟቹ ሚስት፣ ከንፈሯ ደርቋል። «ልጄ ግንባር ነው። ሊመለስልኝ ነበር። ጠላት ነው ካላችሁ ያስቀሩብኛል።»

«አይዞሽ፣ እህት ዓለም» አላት ወንድሟ፣ ዕድሜውን ባሩድ ክፍል የጨረሰው ፎርማን።

«ባልሽ ጫማውን ሲያወልቅ እንዴት ነበር?» አለቻት ወንፊት።

«ወርውሮ ነዋ! አንዱን በር ላይ፣ አንዱን አልጋ ሥር። ስለቅም ነው የኖርኩት።»

ቀትር ሲቃረብ ወንፊት ሦስቱንም ወደ ክፍሉ ጠራቻቸው። «ግቡ፤ አመድ ብቻ ነው።»

የሽያጭ ኃላፊው ተረከዙን እያንኳኳ ገባ። ነርሷ ተከተለች። ፎርማኑ ደጃፉ ላይ ጎንበስ አለ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ጠቀጠቀና መደርደሪያው ላይ አኖረው። ቀና ሲል ሁሉም እያዩት ነበር።

«ቆቡ አልተለበለበም፤ ከእሳቱ በኋላ የተጣለ ነው» አለች ወንፊት። «ደሙ እንደሚያሳየው ሟቹ ተመትቶ ነው የተጎተተው፤ ስለዚህ ጫማውን ራሱ አላወለቀም። ጠላት ደግሞ የሬሳ ጫማ አውልቆ መደርደሪያ ላይ አያኖርም። ይህን የሚያደርገው በጫማ ምስማር ብልጭታ ክፍሉ ይነዳል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የሰጋ ሰው ነው። ሊያነደው ባሰበው ክፍል እንኳ ሬሳውን በጫማ ማስገባት አልሆነለትም። ማሰሪያ የሚጠቀጥቀውን ደግሞ አሁን አያችሁ።»

ፎርማኑ መዳፎቹን አገላብጦ አየ። «እጄ ነው ያወለቀው። እኔ እኮ አላወቅሁም።»

«ለማሽን ብለህ?» አለች እህቱ።

«ማሽኑ ከቆመ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዝምታው በስሜ ይጠራኛል።»

«ልጄንስ ማን ብሎ ነው የሚጠራው?»

ወንፊት ስልኩን አነሳች። «ለዜና ክፍሉ ንገሩ፤ የጠላት እጅ የለበትም። የአማች እጅ ነው።»

ፎርማኑ በካልሲው ተወሰደ፤ ጫማውን የጠየቀ የለም።

ወንፊት የሟቹን ጫማ ለነርሷ አስይዛ እስከ ቤቷ ሸኘቻት። ነርሷ ከባሏ ጫማ ማሰሪያውን ጎትታ አወጣች፤ አንዱን በር ላይ፣ ሌላውን አልጋ ሥር ወረወረች።

«ልጄ ሲመጣ» አለች፣ «ቤቱን እንደ ተወው ያግኘው።»