ካልጠየቅሽኝ አልፈርድም

በሄዘልኮም መንደር ክሪኬት የሚጫወት ወንድ ሁሉ ከአባቱ ነው የተማረው። እኔ የተማርኩት ከግድግዳ ነው። ከጎሚስታው ሥራዬ ስወጣ አንድ አሮጌ ጎተራ ግድግዳ ላይ በኖራ ሦስት መስመር አሰምራለሁ፤ ወርዋሪ ሊጥላቸው፣ መቺ ደግሞ በመምቻው ሊጠብቃቸው በሚታገልባቸው በሦስቱ እንጨቶች ፋንታ። ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ሣሩ ላይ ዘርግቼ፣ ቀዩን ኳስ ብርሃን እስኪጠፋ እወረውራለሁ። አራት በጋ እንዲህ አለፈ። ማንም እጄን ይዞ «እንዲህ አድርጊ» ያለኝ የለም። የመንደሩ ሰው «ኔል ፐርኪስ ኩራት እራቷ ነው» ይለኛል። አዎ፣ ነው፤ ጠግቤም አድራለሁ።

ቡድኑን «አስገቡኝ» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ካፒቴናችን ዴሪክ፣ ፖስታ አዳዩ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ሳንድዊቹን ማን ይቆርጣል ታዲያ?» ብሎ መለሰኝ። ከሦስተኛው በኋላ ወንድን ምንም ነገር ላልጠይቅ ማልኩ።

ከስታፕልሲ መንደር ጋር በተቀጣጠርንበት ቅዳሜ ግን ዝናብ ሊመጣ ነው ተባለና ሁለት ተጫዋቾቻችን ድርቆሽ ሊያስገቡ ቀሩ። ዴሪክ እያለከለከ ጎሚስታው ድረስ መጣ።

«ኔል፣ ዛሬን ግቢልን። ካሳየሽን ትቀጥያለሽ። ካላሳየሽን ግን ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

«በእረፍት የምትጠጡትን ሻይስ ማን ያዘጋጃል?»

«እሱንማ እንደ ወትሮው ነዋ! አሁን አዘጋጂውና ትገቢያለሽ።»

እናም ነጭ ሱሪዬን ለብሼ፣ በሜዳው ዳር ባለችው የእንጨት ቤት ኩሽና ውስጥ ኪያር ስቆርጥ፣ አንድ ጆሮው በፀሐይ የተቃጠለ ረጅም ልጅ ቦርሳውን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ሻዩ ስንት ሰዓት ነው?»

«እናንተ ለመምታት ከመግባታችሁ በፊት» አልኩት ቀና ሳልል። «ጠግበህ ብላ። ሜዳ ውስጥ ብዙ አትቆይም።»

«ማን ነው የማያቆየኝ?»

«እኔ።»

ቢላዬን አየ፤ ሱሪዬን አየ፤ ፊቱ እስከዚያ ጆሮው ድረስ ቀላ። አልሳቀም። ለሳቁ ያዘጋጀሁት ስድብ አፌ ውስጥ ቀረ። ምን እንደማደርገው ጨነቀኝ።

«ባርናቢ አሽዌል እባላለሁ» አለ። «ትሪውን ልያዝልሽ?»

አሽዌል! የስታፕልሲው ባለ እርሻ፣ ማንም ከሜዳ ሊያስወጣው ያልቻለው መቺ፣ የዴስሞንድ አሽዌል ልጅ መሆኑ ነው። ትሪውን ግን ሰጠሁት።

እኛ ቀድመን መትተን መቶ ሠላሳ አንድ ነጥብ አገኘን። ሻይ ተጠጣ፤ ስታፕልሲዎች ገቡ። ባርናቢ ሁለተኛ መጣ። በሦስተኛው ኳሴ መካከለኛውን እንጨት ከመሬት ነቀልኩበት። አንድም ነጥብ ሳያገኝ ወጣ። የወደቀውን እንጨት አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ነግረሽኝ ነበር እኮ» አለ በአጠገቤ ሲያልፍ። ፈገግታው ውስጥ ቅያሜ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

በእኛ መንደሮች ዳኛ አይቀጠርም። ከሚመታው ቡድን ወጥቶ የተቀመጠ ሰው ነጩን ካፖርት ይለብስና በገዛ ጓደኞቹ ላይ ይፈርዳል። ስለዚህም ነው «የዴስሞንድ እግር ሕግ አያውቀውም» የሚባለው። ወደ እንጨቶቹ የሚሄድን ኳስ በእግሩ የከለከለ መቺ መውጣት አለበት። ይህን የሚወስነው ግን የራሱ ቡድን ሰው ነው። የስታፕልሲ ቡድን እኩሌታ ደግሞ የሚሠራው በሚስተር ዴስሞንድ እርሻ ላይ ነው። ማን ይደፍራል?

ጨዋታው ሲጋመስ ካፖርቱ ለባርናቢ ደረሰው። እንደ ደንቡ፣ ስወረውር እንዲይዝልኝ ሹራቤን አውልቄ ሰጠሁት። እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አጠፈውና በወገቡ ዙሪያ አሰረው።

አባቱ ያለማቋረጥ ይመታል። ሰባት ሰው ወጣ፤ እሱ አለ። ስምንት ወጣ፤ እሱ አለ። ያኔ አንድ ኳሴ መሬት ነክቶ ወደ ውስጥ ታጠፈና እግሩን፣ ልክ በመካከለኛው እንጨት ፊት፣ ጧ! አደረገው። ዘወር ስል ከባርናቢ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። «ወጥቷል ወይ?» እስክለው ይጠብቃል። ዝም አልኩ። ከእንጨቶቹ ኋላ ኳስ የሚይዘው ዴሪክም ዝም አለ፤ ለዚያ እግር መጠየቅ ካቆመ ሰባት ዓመቱ ነው።

የተራዬን ስድስት ኳስ ወርውሬ ስጨርስ ባርናቢ ሹራቤን እየመለሰልኝ፣ «ምነው ዝም አልሽ?» አለ በዝግታ።

«ምን ልበል?»

«ዳኛ ካልጠየቁት አይፈርድም። ካልጠየቅሽኝ አልፈርድም።»

«ሕጉን አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያስ?»

ምን ልበለው? መሐላዬን ልንገረው? ሹራቤን ተቀብዬ ሄድኩ። የእሱ እጅ ሙቀት ነበረበት።

ዘጠነኛው ወጣ። አሁን ሚስተር ዴስሞንድ ከወጣ አሸነፍን፤ አራት ነጥብ ከጨመረ ደግሞ አሸነፉን። ኳሱ የእኔ ነው።

«ልጄ፣ ክንድሽ ደከመ እንዴ?» አለኝ በመምቻው መሬቱን እየደበደበ። «የተረፈ ኬክ ካለ ብትቆርጪ ይሻል ነበር።»

«ለእርስዎ አስቀምጫለሁ፤ ሲወጡ ይበላሉ።»

ዳር የቆመው ሰው ሳቀ። ሮጬ ወረወርኩ። ኳሱ ወደቀ፣ ታጠፈ፣ ያንኑ እግር መታ።

ኩራቴ «አትጠይቂ» ይለኛል። ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስት ጊዜ ተዋርጃለሁ። አራተኛውን፣ ያውም ከአሽዌል ልጅ? ግን አራት በጋ የወረወርኩት ሌላ ሰው እንዲጠይቅልኝ አልነበረም። ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ።

«ዳኛ! ወጥቷል ወይ?»

ድምፄ ከሜዳው ማዶ የነበሩትን ቁራዎች አስነሳ። ባርናቢ አመዱ ቡን አለ። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ አንድ ጣት፣ ቀጥ ያለ፣ ወደ ሰማይ።

«ጣትህን አውርድ» አለ አባቱ።

«አላወርድም አባዬ። ወጥተሃል።»

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«ያንተ። ካፖርቱን እስክመልስ ግን ዳኛ ነኝ።»

ሚስተር ዴስሞንድ መምቻውን በብብቱ ይዞ ሄደ። ወዲያው መኪናው ስትነሣ ሰማን፤ የልጁን ጫማና ልብስ ይዞበት ነው የሄደው። የእኛዎቹ ትከሻዬን እየደበደቡ ይጮኻሉ። እኔ ግን አንድ እሾህ ገብቶብኛል። ባርናቢን ከኩሽናው ጀርባ አገኘሁት።

«እውነቱን ንገረኝ። ያነሳኸው ለእኔ ብለህ ነው?»

«ምን?»

«አዝነህልኝ ከሆነ፣ ወይም... ሌላ ነገር ከሆነ፣ መልሰህ ውሰደው። የተሰጠኝን አልፈልግም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «ለአንቺ ብዬ ቢሆንማ እጄን ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር! አባቴ እንዳዋረድሽው አድርጎ እንዲያይሽ የምፈልግ ይመስልሻል? ቤታችን እንድትመጪ እየፈለግሁ?»

የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ፊቱ እንደገና እስከ ጆሮው ቀላ።

«ኳሱ እንጨቱን ይመታ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ ምክንያት የለኝም።»

በሕይወቴ ከዚያ ያማረ ነገር ማንም ብሎኝ አያውቅም።

ዴሪክ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ዝርዝር በሩ ላይ ሲለጥፍ ጎን ለጎን ቆመን አየነው። አራተኛው ስም የእኔ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ስታፕልሲ አራት ማይል ነው። ባርናቢ በእግሩ ሊሄድ ተነሣ፤ ሳይለምነኝ አብሬው ወጣሁ። መንገዱን ሳናጋምስ ያቺ መኪና ፊት ለፊት ተመልሳ መጣችና አጠገባችን ቆመች። መስታወቱ ወረደ። ሚስተር ዴስሞንድ ልጁን አላየም፤ እኔንም አላየም፤ መሪውን ነው የሚያየው።

«ያ ኳስ» አለ በመጨረሻ። «እንዴት አድርገሽ ነው ያጠፍሽው?»

«ቅዳሜ ሜዳ ላይ ይምጡ፣ አሳይዎታለሁ።»

ጥቂት አሰበ። «እሺ፣ ግቡ፤ ላድርሳችሁ።»

«አይ አባዬ፣ በእግራችን እንመጣለን» አለ ባርናቢ። «ራት ላይ ለሦስት ሰው ይቅረብ።»

አባቱ መኪናውን አዙሮ ቀስ ብሎ እየነዳ ሄደ። ባርናቢ እጁን ዘረጋ፤ በጎማና በቀይ ኳስ የሻከረ እጄን ሰጠሁት። እኔም ቀና ብዬ፣ ሰው ሁሉ በመስኮት እያየኝ፣ ስታፕልሲ ገባሁ።