በጳጉሜ ሦስት ይምጡ

የዮዲ ነገር እማማ በላይነሽን እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ናት። ቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ስትቀጥል ትውላለች፤ ማታ በኢንተርኔት ከአንድ ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ ትማራለች። የቀራት አንድ ፈተና ነው። እሱን ካለፈች ከማሽኑ ተነሥታ ወደ ሒሳብ ክፍል ልትዛወር ቃል ተገብቶላታል። ፈተናው ግን ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እሷ በከፈተችው ቁጥር የሚመጣው ያው «ኢንተርናል ሰርቨር ኤረር» የሚል ጽሑፍ ነው።

«ምን ማለት ነው?» አሏት።

«ብልሽቱ እነሱ ቤት ነው ማለት ነው፣ እማዬ።»

የኮሌጁን ስልክ የሚያነሣው ሉቃስ ግን እንደዚያ አላለም። ዌብሳይቱን የሠራው ራሱ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። ስልክሽን አጥፍተሽ አብሪ አላት፣ አበራች። በሌላ ስልክ ሞክሪ አላት፣ ሞከረች። በዚያው ስልክ አብራት የምትማር ባልደረባዋ ፈተና ሲከፈት አየች። በመጨረሻ «የሁሉም ይሠራል፤ ችግሩ ካንቺ ነው» ሲላት ትዕግሥቷ አለቀ።

«ቢሮ ተቀምጠህ አይታይህም። አቃቂ መጥተህ እየው» ብላ ዘጋችበት።

እማማ በላይነሽ ደነገጡ። ሰውዬው ቂም ይዞ ቢያስባርራትስ?

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ በዚያ የነሐሴ ዝናብ፣ አንድ ረጅም ወጣት ላፕቶፑን ጃኬቱ ውስጥ አቅፎ በር ላይ ቆመ፤ «ሉቃስ ነኝ፣ ከኮሌጁ» አለ። ከሳሪስ በታክሲ መጥቶ፣ ከአስፋልቱ ጭቃውን በእግሩ አቋርጦ ነው። እማማ በላይነሽ ከላይ እስከ ታች ገረመሙት። የኮሌጅ ሰው በየቤቱ ይዞራል እንዴ? በሩን ወለል አድርገው ተዉት፤ በርጩማቸውን በሁለቱ መሐል አስቀምጠው ምስር መልቀም ያዙ።

«ችግሩን ላሳይህ፤ ይኸውልህ፣ እኔ ነኝ» አለችው ዮዲ።

ሳይወድ ሳቀ። እሷም ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸሸገች። የእማማ በላይነሽ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ ዌብሳይቱ የተጻፈበትን ኮድ ማንበብ ያዘ። ሰዓቱ ይሄዳል። ገጹ ይህን የመጨረሻ ፈተና ከመክፈቱ በፊት የተማሪውን ዕድሜ እንደሚያሰላ፣ የሚወድቀውም እዚያ ላይ እንደሆነ ነገራቸው። ቀና ብሎ «መቼ ነው የተወለድሽው?» አላት።

«ጳጉሜ ሦስት» አሉ እማማ በላይነሽ ቀድመው። «ወንዙ ሞልቶ፣ አዋላጇን በሰው ጀርባ ነው ያሻገርናት።»

ወጣቱ ፊቱ ደም መሰለ።

«ከውጭ የመጣ ዝግጁ የቀን መቁጠሪያ ነው የተጠቀምኩት። ለወር አሥራ ሁለት ቦታ ነበረው። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሞላሁና ዘጋሁት።»

«ጳጉሜስ?» አለች ዮዲ።

«ረሳኋት። ችግሩ የእኔ ነው።»

ከእሷ በፊት ሁለት ተማሪዎች በዚሁ ምክንያት ተስፋ ቆርጠው እንደተዉ፣ ለእነሱም «ካንተ ነው፣ ካንቺ ነው» ብሎ እንደመለሰላቸው አቀርቅሮ ነገራት። ዮዲ ልትለው ያዘጋጀችውን የቁጣ ቃል ዋጠችው።

«እንግዲያው ለሦስታችንም አስተካክልልን» አለች በቀስታ።

ጳጉሜን ጨመረ። ዮዲ ገጹን ነካችው፤ ያው ጽሑፍ መጣ። እማማ በላይነሽ ሚካኤልን ተጣሩ። ሉቃስ ግንባሩን መታ፤ ለካ ሰርቨሩ አሮጌውን መቁጠሪያ እንደያዘ ነው። አጥፍቶ አስነሣው። ዮዲ እንደገና ነካችው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እጇን በአፏ ላይ ጫነች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። እሱ የሚያየው ገጹን ሳይሆን እሷን ነበር።

«አሁን ውጣ ልጄ» አሉት እማማ በላይነሽ። «የኮሌጁ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ነበር እንዳይባል።»

አልተከራከረም፤ ወጥቶ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ቆመ። ክፈፉ ያፈሳል። እማማ በላይነሽ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ እሱን እያዩ ጭንቀታቸው ሁለት ሆነ። ኋላ አላስቻላቸውም፤ የሟች ባላቸውን የምድር ባቡር ካፖርት አውጥተው ትከሻው ላይ ጣሉለት።

ሊመሽ ሲል ዮዲ ወጣች።

«ላክሁት» አለች።

 ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ተያይተው ቆሙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እዚህ አለሁ» ለማለት የሚያስሉት እማማ በላይነሽ ያን ቀን አላሳሉም።

ዮዲ አለፈች፤ ሒሳብ ክፍልም ገባች። ሉቃስ ሁለቱን ተማሪዎች ፈልጎ፣ ይቅርታ ጠይቆ መለሳቸው። ካፖርቱን ልመልስ እያለም በየቅዳሜው ይመጣል፤ ሲሄድ ደግሞ ለብሶት ይሄዳል።

በዓመቱ የሉቃስ አጎት አቶ ተሰማ ሽማግሌ ይዘው የሚመጡበትን ቀን አስጠየቁ፤ መቼም መስቀል ካለፈና መንገዱ ከደረቀ ይሻላል አሉ።

«በጳጉሜ ሦስት ይምጡ» አሉ እማማ በላይነሽ። «ልጁ አንዴ ዘሏታል። ሁለተኛ አይዘላትም።»

መጡ፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ። አቶ ተሰማ ገና ቆመው ሲናገሩ እማማ በላይነሽ በበሩ አሻግረው አዩ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ሉቃስ ካፖርቱን ለብሶ ከዚያው ከሚያፈሰው ክፈፍ ሥር ቆሟል። ዮዲ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ታዳምጣለች።

«ይቀመጡ፣ ፈቅጃለሁ» አሉ አሮጊቷ፣ ንግግሩን ሳያስጨርሱ። ከዚያም ወደ ደጅ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አሁን ግባ ልጄ፤ ብርድ ይመታሃል።»